የዕለት ተዕለት አምልኮ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ

የዕለት ተዕለት አምልኮ በዚህ መጣጥፍ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከቅዳሴና ከማኅሌት ውጭ፣ በቤት፣ በእርሻ፣ በገበያ፣ በመንገድና በሥራ ቦታ የሚፈጽሙትን ጸሎት፣ ጾም፣ የበዓል አከባበር፣ ዝክርና ምጽዋት ያመለክታል። ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱ ላሊበላ፣ ታቦት፣ የያሬድ ዜማና የጥምቀት በዓል ላይ ነው። ብዙው ምእመን ግን ሃይማኖቱን የሚኖረው ዛሬ ምን እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ ነገ ያርስ ወይም ይተው እንደሆነ፣ በዚህ ወር ማንን እንደሚያበላ በሚወስንበት ጊዜ ነው።

ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት ከቁርባን ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ አጥቢያዎች ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት በአመዛኙ ሕፃናትና አረጋውያን፣ እንዲሁም በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ወጣቱና ጎልማሳው ራሱን ገና ያልተዘጋጀ አድርጎ ስለሚቆጥር ቅዳሴ ቆሞ አስቀድሶ ሳይቆርብ ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጾሙ፣ በዓሉና ዝክሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የሚያያይዙት ዋና ገመዶች ናቸው። ቶም ቦይልስተን የተባለው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በጣና ዳር ስለምትገኘው ስለ ዘጌ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ጾምና ክልከላ በሰዎች ኑሮ ውስጥ ያላቸውን ቦታ በሰፊው ያሳያል።

መሠረቱ

በትምህርት ጊዜ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ብዙውን ጊዜ አብረው ይጠራሉ። የሦስቱ ትምህርት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ አንድ ላይ ይገኛል። በሕግ ደረጃ ደግሞ በብዛት የሚጠቀሰው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተተረጎመ ሲሆን አንቀጽ 14 ስለ ጸሎት፣ አንቀጽ 15 ስለ ጾም፣ አንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት ይደነግጋል።

የበዓላቱን ሥርዓት በማጠናከር ረገድ ዓፄ ዘርአ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ) ትልቅ ቦታ አላቸው። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ወይስ አትከበር የሚለው ክርክርም በእሳቸው ዘመን እልባት አግኝቷል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜን በማክበራቸው ለረጅም ዘመን ሲሳደዱ ከቆዩ በኋላ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የዚህ ክርክር ፍሬ ዛሬም በየቤቱ ይታያል፦ በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት ቢጾምም እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የለም። ቅዳሜ እንደ ሌላው ቀን ከእህል ውኃ የሚጾምባት የትንሣኤ ዋዜማ የሆነችው ቀዳም ሥዑር ብቻ ናት።

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በቀን ሰባት ጊዜ ጸሎትን ያዝዛል። እነሱም ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ንዋም (ከመኝታ በፊት) እና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ቁጥሩ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ሲሆን ሰዓታቱ ከክርስቶስ ሕማምና ከሐዋርያት ታሪክ ጋር ይያያዛሉ። ቀትር ለስቅለቱ፣ ተሰዓት ለሞቱ፣ ሠርክ ለመቀበሩ፣ ሠለስት ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ለወረደበት ሰዓት መታሰቢያ ናቸው።

ሰባቱን ሁሉ የሚያደርሱት በአመዛኙ መነኮሳት ናቸው። ሠራተኛ፣ ተማሪና የቤት እመቤት አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ማታ ይጸልያሉ፤ በመካከል ያሉትን በአጭሩ አማትበው አቡነ ዘበሰማያት ብለው ያልፏቸዋል። ማንበብ የሚችል ሰው ዘወትር ከሚይዛቸው መጻሕፍት ሁለቱ መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ናቸው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ የሳምንት ቀናት ስለተከፈለ አንድ ሰው በየቀኑ የዕለቱን ድርሻ ብቻ ቢያነብ በሳምንት ይጨርሰዋል። ዳዊቱም በተመሳሳይ መንገድ ለሳምንቱ ይከፋፈላል። ከፊደል ቀጥሎ ዳዊት መድገም ለብዙ ትውልድ የንባብ ትምህርት ማጠናቀቂያ ስለነበረ የጸሎት መጽሐፉና የንባብ መማሪያው አንድ ነበሩ።

ጾምና ማዕድ

ሁሉንም ምእመን የሚመለከቱ ሰባት አጽዋማት አሉ። እነሱም 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 እስከ ልደት ዋዜማ ያለው ጾመ ነቢያት፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 የሚዘልቀው ጾመ ሐዋርያት፣ በነሐሴ መባቻ የሚጀምረው ጾመ ፍልሰታ፣ የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌ፣ የልደትና የጥምቀት ዋዜማ የሆነው ገሃድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር በየሳምንቱ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ቢደመሩ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናሉ።

ጾም ሁለት ነገሮችን ያካትታል። አንደኛው ከምግብ ዓይነት መከልከል ሲሆን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል አይበሉም። ሁለተኛው የሰዓት ገደብ ነው፤ እስከ ቀትር፣ ብዙ ጊዜም እስከ 9 ሰዓት ከእህልና ከውኃ መቆየት ይጠበቃል። በጾም ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ የሚቀደሰው በዚህ ምክንያት ነው። በከተማ ሁለተኛው እየላላ ሄዷል። ረቡዕ ጠዋት ቁርሱን ሽሮ በልቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ራሱን እንደ ጾመ ይቆጥራል፤ የንስሐ አባቱ ግን ግማሹን ብቻ እንደ ጾመ ሊነግሩት ይችላሉ።

በወጥ ቤት በኩል ጾም የራሱ የሆነ ሰፊ የምግብ ሙያ ፈጥሯል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አዚፋና በያይነቱ ከዚህ የመጡ ናቸው። በጥንቃቄ በሚጾምባቸው ቤቶች የጾም ድስትና የፍስክ ድስት የተለያየ ነው። ጾም ሊገባ ሲል ያለው የቅበላ ሰሞን ሥጋና ቅቤው በብዛት የሚበላበት ነው፤ በማግስቱ የቤት ዕቃው ታጥቦ ይለወጣል። ይህን ሁሉ የምታስታውሰውና የምትሠራው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። በአንድ ቤት ውስጥ የሚጾምና የማይጾም፣ የታመመና ሕፃን ካለ በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት ዓይነት ወጥ መሥራት ግድ ይላታል። ስለ ጾም ሲጻፍ ይህ ድካም ተገቢውን ቦታ አግኝቶ አይታይም።

የጾም ውጤት ከቤት አልፎ ገበያ ይደርሳል። በዐቢይ ጾም ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የወተት ፈላጊም ይቀንሳል። ላሟ ግን ጾም መግባቱን አታውቅምና ወተቷን መስጠቷን ትቀጥላለች። አርቢው ያንን ወደ ቅቤ ለውጦ ለፋሲካ ያስቀምጣል፤ ማስቀመጥ ያልቻለው ደግሞ በርካሽ ይሸጣል። የፋሲካ ሰሞን የቅቤ፣ የእንቁላልና የዶሮ ዋጋ የሚንረውም ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚፈታ ነው።

በየአካባቢው ልማዱ ይለያያል። ዓሣ ይበላ ወይስ አይበላ የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። በሰሙነ ሕማማት ግን ልዩነቱ ይጠባል፦ ስግደት ይበዛል፣ መሳሳምና እጅ መጨባበጥ ይቀራል፣ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይበላል፣ አቅም ያለው ከዓርብ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምስ አክፍሎ ያድራል።

ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርጋል። ይሁንና በተግባር ከባዱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃድ ቢኖርም ብዙዎች መጠቀም አይፈልጉም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሴት እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሲቆዩ ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ስጋትና ለራስ የገቡት ስእለት ግን ከሕጉ በላይ ይከብዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሐኪሙን ምክር ይዞ ወደ ንስሐ አባት መሄድ የተለመደው መንገድ ነው። ካህኑ ጾሙን በሌላ ነገር፣ ለምሳሌ በጸሎት ወይም በምጽዋት ሊለውጡለት ይችላሉ።

የቀን አቆጣጠርና በዓላት

ምእመኑ ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው ባሕረ ሐሳብ በተባለው የዘመን አቆጣጠር ነው። ትውፊት ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ስሌቱን ለማየት 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ ለ30 ሲካፈል 18 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25 ስለሚሆኑ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል። ከዚያ 14 ቀን ሲቆጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ቀን ሲቆጠር ደግሞ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል።

የተውሳኩ ቁጥሮች (እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 8) የተደረደሩት ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንዲውል ነው። ኮምፒውተር ለሚማር ሰው ቀመሩ በሙሉ በቀሪ ላይ የቆመ፣ ጥቂት መስመር ኮድ የሚበቃው ስሌት ነው። የሚገርመው ግን ሊቃውንቱ ያለ ወረቀት በቃላቸው የሚያሰሉት መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች ስላሉ ምእመኑ የበዓሉን ቀን ለማወቅ ደብሩ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ከተንቀሳቃሾቹ በዓላት ሌላ የወሩ ቀናት ሁሉ የመታሰቢያ ስም አላቸው። 1 ልደታ፣ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም በሰፊው ይታወቃሉ። ሰው ቀጠሮ ሲይዝ «ለሚካኤል እመለሳለሁ»፣ ብድር ሲበደር «ለማርያም እከፍልሃለሁ» ይላል። ቁጥሩን መጥራት አያስፈልገውም፤ ሰሚውም አያስፈልገውም።

በገጠር እነዚህ ቀናት ከሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። በተከበረ ቀን ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ መፍጨትና መፍተል ይተዋሉ፤ ከብት ማገድ፣ ውኃ መቅዳትና ለሽምግልና መቀመጥ ግን አይከለከሉም። የትኛው ቀን እንደሚከበር ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜም የሚወሰነው በአጥቢያው ታቦትና በአካባቢው ልማድ ነው። በአንዳንድ አካባቢ አንድ ሰው በዓል ሽሮ ቢያርስ በረዶ የሁሉንም ማሳ ይመታል ተብሎ ስለሚታመን በዓል ማክበር የግል ምርጫ ሳይሆን የጎረቤት ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። የግብርና ባለሙያዎች በዘርና በአጨዳ ወቅት የሚባክነው ቀን ምርት ይጎዳል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ በዓሉ ሰውንም በሬንም እንደሚያሳርፍ፣ ማኅበርና ሽምግልናም የሚካሄዱት በዚያ ቀን እንደሆነ ያስረዳሉ። በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት የጌታ ዐበይት በዓላት 9፣ ንዑሳን በዓላት ደግሞ 9 ብቻ መሆናቸው ነው። በየገጠሩ ሥራ የሚፈታባቸው ቀናት ከዚህ በእጅጉ የሚበዙት በአካባቢ ልማድ፣ በስእለትና በማኅበር ቃል ኪዳን ምክንያት ነው። ስለዚህ በዓላቱን ስለመቀነስ የሚነሳው ጥያቄ በአብዛኛው ከሃይማኖቱ ሕግ ጋር ሳይሆን ከአጥቢያ ልማድ ጋር የሚጋጭ ነው።

ጽዋ፣ ሰንበቴና ዝክር

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ወይም ታቦት ስም የተሰባሰቡ ሰዎች በየወሩ በዚያ ቅዱስ ቀን በየተራ በአባላቱ ቤት የሚያደርጉት ጉባኤ ነው። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል። ካህን ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ከባረከ በኋላ ጽዋው ይዞራል፤ ትምህርት ይሰጣል፤ የታመመና የተቸገረ አባል ካለ ይነሳል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው በቤቱ ያለበት ወር ለዚያ ቤተሰብ እንደ አደራ ነው። ሰንበቴ በአሠራር ይመስለዋል፤ የሚካሄደው ግን በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከእድር ይለያሉ፤ እድር በዋናነት ለቀብርና ለሐዘን የሚቋቋም ሲሆን የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ጎረቤቶች አብረው ሊሆኑበት ይችላሉ።

ዝክር በቅዱሱ ስም ድሃን ማብላት ነው። በገድላትና በድርሳናት ለቅዱሱ የተሰጠው ቃል ኪዳን በስሙ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ለሚያጠጣ እንደሚደርስ ስለሚነገር ድሃም ሀብታምም በየአቅሙ ይዘክራል። አንድ ሰው ዶሮና ጠላ ሲያዘጋጅ ሌላው ንፍሮ ቀቅሎ በደጀ ሰላም ያቀርባል። ዕርዳታ የሚጠይቀውም የሚጠይቀው በዚሁ ቋንቋ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከቤት ቤት የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ የሚለምነው ሃፍረት አይደለም፤ ትምህርቱ የሚቆመው በዚያ ቁራሽ ነው። ሰጪዋም የምትሰጠው ለትምህርት ቤት በጀት ብላ ሳይሆን ለእመቤታችን ብላ ነው። የአብነት ትምህርት ለዘመናት የኖረው ከዚህ በተገኘ ምግብ ነው።

የንስሐ አባት

እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል ተብሎ ይታመናል። ካህኑ ኑዛዜ ይሰማሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ በየጊዜው ወደ ቤት መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ሕፃን ክርስትና ሲነሳና ሰው ሲሞት ይገኛሉ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ይህ ስም በፍታትና በቁርባን ጊዜ የሚጠራው ነው።

ግንኙነቱ የገንዘብም ገጽታ አለው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች። ከዚያ በኋላ የገጠር ካህን የሚተዳደረው በራሱ እርሻና ምእመኑ በሚሰጠው ነው። የንስሐ ልጆቻቸው ደሃ የሆኑባቸው ካህን ራሳቸውም ደሃ ናቸው፤ አገልግሎቱን ትተው ወደ ከተማ የሚሄዱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በንግግርና በመንገድ

«እንደምን አደርክ» ለሚለው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምስጋና «እግዜር ይስጥልኝ»፣ ለሞተ ሰው «ነፍስ ይማር» ይባላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዕለታዊ ንግግር ውስጥ ስለገቡ የሚናገራቸው ሰው ሁልጊዜ እንደ ጸሎት አያስባቸውም። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለና ተክለ እያሉ የሚጀምሩ ስሞችም የዚሁ አካል ናቸው። ዳቦ ከመቆረሱ በፊት ይባረካል፤ ሊጥ ሲቦካ፣ ጉዞ ሲጀመር በስመ አብ ይባላል።

በከተማ በጣም የሚታየው ልማድ መሳለም ነው። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆም ብሎ ያማትባል፣ በሩን ወይም ግንቡን ስሞ ያልፋል። በታክሲ ውስጥ ያለው ደግሞ ቅጥሩ ሲታየው ካለበት ሆኖ ያማትባል። ጊዜው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ለብዙ የከተማ ሠራተኛ ግን በሥራ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ግንኙነት ይህ ብቻ ነው።

ከአገር ውጭ

ሥርዓቱ የቆመው በአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ የቀን መቁጠሪያ በመጋራቱ ላይ ስለሆነ ከአገር ሲወጣ ይቸግራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች በሥራ ቀን የሚውለውን ዓመታዊ በዓል ብዙ ጊዜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዛውሩታል። በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ ስለሆነ ምእመናን ተሰብስበው የሚያስቀድሱት በጾሙ ቀን ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በይፋ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን የለም።

ከሁሉ የሚከብደው በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ነው። የምትበላው አሠሪዋ የሰጣትን ነው፤ የምትወጣበትንም ቀን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለችው ሴት የስልክ መተግበሪያ ከፍታ ቀኑን ትቆጥራለች፣ ውዳሴ ማርያሙን በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች፣ ከሥጋው ወጥ ሩዙን ለይታ ትበላለች። ጾሟን መጠበቅ ያልቻለች ደግሞ አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቷ ደውላ ምን ማድረግ እንዳለባት ትጠይቃለች፤ ዝክሩንም እናቷ በስሟ እንድታወጣ ገንዘብ ትልካለች።